«ወዲያውኑ» የሚለው ቃል፦ የሕፃናት አደገኛ ምልክቶች ዝርዝር ከአይከል ሲነበብ

መግቢያ

በየጤና ጣቢያው የሕፃናት መመርመሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከሥልጠና ወደ ሥልጠና የሚተላለፍ፣ አብዛኞቻችንም በቃላችን የምንወጣው አንድ አጭር ዝርዝር አለ። ዕድሜው ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ሕፃን መጠጣት ወይም መጥባት ካልቻለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ በያዘው ሕመም ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከፈዘዘና ራሱን ከሳተ ያ ሕፃን አደጋ ላይ ነው፤ ሳይዘገይ ከፍ ወዳለ ሕክምና መላክ አለበት። አራቱ «አጠቃላይ አደገኛ ምልክቶች» የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ያዘጋጁት የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ ሕክምና መመሪያ እምብርት ናቸው።

ዝርዝሩ እንደ ሕክምና መሣሪያ በተደጋጋሚ ተፈትሿል። እንደ ጽሑፍ፣ ማለትም አንድ ወገን ለሌላው ሊያስተላልፈው የፈለገ መልእክት ሆኖ ግን ሲተች እምብዛም አይታይም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መሞከር ነው። ዝርዝሩን የምናነበው በአይከልና በዙሪያዋ ባሉት የጭልጋ ቀበሌዎች ላይ ቆመን ነው፤ ይኸውም በቀድሞው የሰሜን ጎንደር፣ በአሁኑ የማዕከላዊ ጎንደር ዞን፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ደጋው አልቆ ወደ ቆላው መውረድ በሚጀመርበት አካባቢ ማለት ነው። መከራከሪያችንም አጭር ነው፦ ዝርዝሩ ለባለሙያ ዓይን የተዘጋጀ ጥሩ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ጓዳ በመግባቱ ግን ብዙ ነገር አጥቷል፤ ያጣውንም ነገር ጉድለት በእናቶች ላይ መጫን ለምደናል።

መመሪያው ለጎንደር እንግዳ አይደለም

ጎንደር በዚህ ጉዳይ ላይ የመናገር መብት አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ተቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ይኸው ነው። የተቋሙ የመጀመሪያ ሐሳብም ሐኪም በሌለበት ገጠር ሕመምን ለይቶ የሚያክም የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር።

ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የተቀናጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ገና በረቂቅ ሳለ በመስክ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ጎንደር ሆነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ታትሟል። ከሦስት ጤና ጣቢያዎች የተመረጡ ስድስት ባለሙያዎች የዘጠኝ ቀን ሥልጠና ወሰዱ፤ ከዚያም ለሦስት ሳምንታት የሕክምና አሰጣጣቸው ተገመገመ። ወደ ጣቢያዎቹ የመጡት ሕሙማን ሕፃናት 449 ነበሩ። ጥናቱ የጠየቀው ሠልጣኞቹ ከሕፃናት ሐኪም ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል በትክክል ይመረምራሉ፣ ይለያሉ፣ ያክማሉ፣ እናቶችንስ ያማክራሉ የሚል ነበር።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወሰኑ ግን መታወስ አለበት። 449ኙም ሕፃናት ጤና ጣቢያ የደረሱ ናቸው። ከቤት ያልወጡት፣ ከመንገድ የተመለሱት፣ ወይም ቀድሞ ወደ ሌላ አዋቂ የተወሰዱት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ይህ የጥናቱ ድክመት አይደለም፤ የመመሪያው ተፈጥሮ ነው። መመሪያው የሚናገረው ከጠረጴዛው ማዶ ስለ ተቀመጠች እናትና ስለ ታቀፈችው ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መልካም ነገር ተሠርቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ ከ2010 ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ ማከም ጀመሩ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ2000 ከአንድ ሺህ በሕይወት ከሚወለዱት 166 የነበረው በ2016 ወደ 67 ወርዷል። በዚሁ የ2016 ዳሰሳ ግን የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ምልክት ከታየባቸው ሕፃናት መካከል ምክር ወይም ሕክምና የተፈለገላቸው ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው። በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሰፊ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ሠራተኞቹ ሠለጠኑ፣ መድኃኒቱም ቀረበ፤ ይሁን እንጂ ወደ ጤና ኬላ የሚመጡት ሕሙማን ሕፃናት ጥቂት ሆኑ፣ በሞት ቅነሳ ረገድም አገልግሎቱ በተጠናከረባቸውና ባልተጠናከረባቸው ወረዳዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ጥያቄው እንግዲህ «ባለሙያው ምልክቱን ያውቃል ወይ?» ከሚለው ወደ «ምልክቱ በቤት ውስጥ ምን ይባላል?» ወደሚለው መዞር ይኖርበታል።

ምልክቶቹና ቃሎቻቸው

የመጀመሪያውን ምልክት እንመልከት። «መጥባት አለመቻል» የሚለው ሐረግ ከመመሪያው እንጂ ከእናት አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይሰማም። እናት የምትለው «ጡት እንቢ አለኝ» ነው። «እንቢ» ማለት የፈቃድ ቃል ነው፤ የምትናገረው እናት ግን ስለ ፈቃድ ሳይሆን ስለ አቅም ልትነግረን ይሆናል። ሰሚው ባለሙያ እንቢታን ብቻ ከሰማ ልጁ የተነጫነጨ ወይም ጥርስ የሚያበቅል ይመስለዋል። በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ጨቅላ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስማማት ስለሚያቅተው ጡቱን ይዞ ወዲያው ይለቀዋል። ለእናቲቱ ይህ «እንቢ» ነው፤ ለእኛ ግን የኦክሲጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ መመሪያው ብልህ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ እናቲቱ ጡት ወይም ውኃ እንድትሰጠውና ባለሙያው እንዲያይ ያዛል። ሥራ ሲበዛ ቀድመን የምንዘለው መስመርም ይኸው ነው።

ሁለተኛው «ሁሉን ማስመለስ» ነው። እዚህ ላይ ክብደቱ ያረፈው «ሁሉን» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ በጥያቄና መልስ ጥድፊያ ግን ቃሉ በቀላሉ ይዋጣል። «ያስመልሰዋል?» ተብላ የተጠየቀች እናት ሁለት ጊዜ ያስመለሰውንም ምንም ያልረጋለትንም «አዎ» በሚል አንድ ቃል ትመልሳለች። «የሰጠሽው ነገር ይረጋለታል ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ መልሱ በአንድ ጊዜ ይለያል። «አልረጋለት አለ» የሚለው የቤት አነጋገር ከእኛ ትርጉም ይልቅ ወደ ምልክቱ ይጠጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ግራ መጋባት ያለበት ነው። በአማርኛ «አንቀጠቀጠው» ለወባ ብርድም፣ ለፍርሃትም፣ ልጁን ጥሎ ለሚያንዘፈዝፈው ሕመምም ይነገራል። በጭልጋ ቆላማ ቀበሌዎች የወባ ብርድ የተለመደ በመሆኑ፣ «ካንቀጠቀጠው አምጪው» የሚል ምክር የሰማች እናት ከሁለት አንዱን ታደርጋለች፤ ወይ በየብርዱ ትመጣለች፣ ወይ ምክሩን እንደ ተራ ነገር ትተወዋለች። በሌላ በኩል ትክክለኛው ምልክት ሲታይ፣ ይኸውም ዓይን ሲገለበጥ፣ እጅና እግር ሲገተር፣ ልጁም ሲጠሩት የማይሰማ ሲሆን፣ ቤተሰቡ የሚሰጠው ስም ሌላ ነው፤ «ለከፈው» ወይም «ጣለው» ይባላል። ስሙ ሲለወጥ የሚኬድበትም ይለወጣል። ጸበል ቤት የሚወስድ ቤተሰብ ልጁን ችላ ያለ አይደለም፤ የአደጋውን ክብደት ተረድቶ ባመነበት መንገድ የሮጠ ነው። ጸበሉንም ሕክምናውንም አብሮ መያዝ እንደሚቻል በአክብሮት መንገር የእኛ ድርሻ ነው።

አራተኛው «መፍዘዝ» ሲሆን አደገኛነቱ በጸጥታው ላይ ነው። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ጠዋት ዝም ሲል «ተመስገን፣ ዛሬስ ተኛልኝ» ይባላል። ጸጥታ የማገገም ምልክት ሆኖ የሚነበብበት ሰዓት የአንጎል ወይም የደም ዝውውር መዳከም የሚጀምርበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ይፈዛል?» ከማለት ይልቅ «ስትቀሰቅሺው ዓይኑን ገልጦ ያይሻል? ጡት ሲቀርብለት ይነሣል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከአራቱ ውጪ ስለ አተነፋፈስ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በአማርኛ ኒሞኒያን «የሳንባ ምች» ብለን ሰይመነዋል። «ምች» ግን በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ፣ ከፀሐይና ከሽታ ጋር የሚያያዝ፣ መድኃኒቱም በጓሮ የሚበቅለው ዳማከሴ የሆነ ሕመም ነው። ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት በሽታዎች አንዱን በቤት ውስጥ ቅጠል ይድናል በሚባለው ሕመም ስም ከጠራነው በኋላ፣ እናት ቀድማ ዳማከሴ ብትቆርጥ ስሕተቱ የማን ነው? ስሙን ዛሬ መለወጥ አይቻል ይሆናል። «ይህ ምች ከዚያኛው ምች ይለያል፤ ይህኛው በቅጠል አይመለስም» ብሎ መለየት ግን ይቻላል። እናቶች ደግሞ ለምልክቱ የራሳቸው ጥሩ ቃል አላቸው፦ «ጎኑ ይሰረጉዳል»፣ «እንደ ወናፍ ይላል»፣ «ያቃስታል»። ከሁለት ወር በታች በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ የሚለው ቆጠራ የእኛ ነው፤ ወናፉ የእነሱ ነው፤ ሁለቱም አንድ ነገር ያያሉ።

ጋቢ፣ አንቀልባና ቆላ

ዝርዝሩ ልጁ እንደሚታይ ይገምታል። በደጋው ብርድ ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በአንቀልባ ታዝሎ፣ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኖ ይውላል። ቤቱ ጨለምለም ያለ፣ ጢስ የሞላበት፣ ብርሃኑም የምድጃው እሳት ሊሆን ይችላል። የደረት መሰርጎድ ልብስ ሳይገለጥ አይታይም። ስለዚህ «ደረቱን እዪ» የሚለው ምክር «በቀን ብርሃን በር ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ልብሱን ገልጠሽ፣ ሳያለቅስ እዪ» እስኪባል ድረስ ሙሉ አይደለም።

ሌላው የአካባቢው ጉዳይ ወባ ነው። አይከል ራሷ ደጋ ብትሆንም ሕዝቧ ከቆላው ጋር በእርሻ፣ በቀን ሥራና በንግድ የተሳሰረ ነው፤ በሰሊጥ ወቅት ወደ መተማ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው፤ ሕፃን ታዝሎ የሚወርድበትም ጊዜ አለ። መመሪያው ስለ ጉዞ ታሪክ መጠየቅን ያዛል። በዚህ አካባቢ ያ ጥያቄ ለመዝገብ ማሟያ የሚጠየቅ ሳይሆን ሕይወት የሚያድን ነው። «ወደ ቆላ ወርዳችሁ ነበር?» ሳይባል ትኩሳት ያለበት ሕፃን «ደገኛ ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም።

«ወዲያውኑ» ማለት መቼ ነው?

በመመሪያው ከሁሉ የሚዘወተረው ትእዛዝ «ወዲያውኑ» ነው። ወዲያውኑ ላክ፤ ወዲያውኑ ተመለሺ። ቃሉ ግን ርቀትን አይጠይቅም። ከዋናው መንገድ ዳር ላለች እናት ወዲያውኑ ማለት በተሽከርካሪ ከሰዓት ያነሰ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከመንገዱ ራቅ ባለ ቀበሌ ላለችው ደግሞ በክረምት ጭቃ፣ ወንዝ በሞላበት፣ ቃሬዛ ተሸካሚ ጎረቤት ተለምኖ፣ ባል ከእርሻ ተጠርቶ፣ ለመኪና ገንዘብ ተፈልጎ የሚጀመር ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋባቸውና አምቡላንስ መንቀሳቀስ ባልቻለባቸው ጊዜያት ይህ ርቀት የበለጠ ረዝሟል።

መጥባት ያቃተው ጨቅላ ለመሞት የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። በመሆኑም አራቱን ምልክቶች እንደ መነሻ ሰዓት አድርጎ ለሩቅ ቀበሌ ማስተማር፣ ጉዞውን ልጁ አቅም ካጣ በኋላ ጀምሩ እንደ ማለት ነው። መመሪያው «ሕመሙ ከባሰበት» ይዘሽው ተመለሺ የሚል ሐረግ አለው። ይህ ሐረግ በስተመጨረሻ በችኮላ የሚነገር መሆኑ ያሳዝናል፤ ለሩቅ መንደር ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነውና። የልጁን ትናንት ከእናቱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ከትናንት የጠባው በግማሽ ካነሰ፣ ከትናንት ይልቅ ከደከመ፣ ሳይመሽ ተነሺ» የሚል ምክር ምልክት እስኪሟላ አያስጠብቅም።

ጉዳዩ ይበልጥ የከበደው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያውን ከከለሰ በኋላ ነው። በክለሳው መሠረት ሌላ አደገኛ ምልክት የሌለበትና ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን በአሞክሲሲሊን ቤቱ ሆኖ ሊታከም ይችላል። ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ሆስፒታልንም ያቃልላል። ትርጉሙ ግን ክትትሉ ከነርስ ወደ እናት ተላለፈ ማለት ነው። ኃላፊነት ሲተላለፍ ቃሉም ርቀቱም አብሮ መታሰብ ነበረበት።

አራስ ቤት

ከሁለት ወር በታች ያሉት ጨቅላዎች የራሳቸው ዝርዝር አላቸው፦ በደንብ አለመጥባት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ፈጣን አተነፋፈስ፣ ብርቱ የደረት መሰርጎድ፣ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ከ35.5 ዲግሪ በታች መቀዝቀዝ፣ ሲነኩት ብቻ መንቀሳቀስ። የመቀዝቀዝን አደጋ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፤ በሽታ ማለት ትኩሳት ነው ተብሎ ይታመናልና።

በአካባቢው ልማድ አራስ ከቤት አትወጣም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናትና ልጅ በብዙ ቤቶች ከሰው ዓይንና ከምች ተጠብቀው ይቆያሉ። ልማዱ ለእናቲቱ ዕረፍትን፣ ለጨቅላው ሙቀትንና ጡትን የሚሰጥ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ልጁን የሚያዩት፣ የሚወስኑትም አያትና ጎረቤት ሴቶች ናቸው። ትምህርታችን ደግሞ እርግዝና ክትትል ለመጣችው ወጣት እናት ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። አያቲቱ ግግ ማስወጣትን ወይም እንጥል ማስቆረጥን የምታስበው ተቅማጡን፣ ትኩሳቱን፣ መዋጥ ማቃቱን ስላየች ነው። ምልክቱን አላጣችውም፤ ያጣችው ሌላውን መንገድ ነው። እሷን ያላስተማረ ትምህርት በር ላይ ይቀራል።

ሰልፉ

ሂሱ ወደ ራሳችንም መዞር አለበት። እናቲቱ ምልክቱን አውቃ፣ መንገዱን ጨርሳ ከደረሰች በኋላ ምን ይጠብቃታል? በብዙ ተቋማት የካርድ ክፍል ሰልፍ ይጠብቃታል። በሰልፉ መካከል በጋቢ ተጠቅልሎ ጀርባ ላይ «የተኛ» ሕፃን ተኝቶ ይሁን ራሱን ስቶ ማንም አያውቅም። በማላዊ፣ ብላንታየር በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሕሙማን ልየታና የድንገተኛ ሕክምና አሠራር ከተሻሻለ በኋላ ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው የተኝቶ ታካሚ ሕፃናት ሞት ከ6 እስከ 8 በመቶ መውረዱን እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ያሳያል። ከለውጡ ዋነኛው ከባድ ሕሙማንን ከሰልፍ ቀድሞ መለየት ነበር።

ከዚህም ጋር በሕሙማን መዝገቦችና በሞት ግምገማ ስብሰባዎች የሚደጋገመውን «ዘግይታ አመጣችው» የሚል ዓረፍተ ነገር መመርመር ይገባል። ዓረፍተ ነገሩ መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን የጥያቄው መጀመሪያ ነው። መቼ አየችው? ምን ብላ ጠራችው? ቀድማ ወዴት ሄደች? ማን ፈቀደላት? ምን አገዳት? ጤና ኬላው ክፍት ነበር ወይ? እነዚህ ካልተጻፉ «ዘግይታ» የሚለው ቃል የሞትን ምክንያት አይገልጽም፤ ይሸፍናል እንጂ።

ምን ይደረግ?

መመሪያው ይጣል የሚል አሳብ የለንም። አራቱ ምልክቶች ለባለሙያ የማይተኩ ናቸው፤ በአገራችን የሕፃናት ሞት መቀነስ ላይም ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም። የምንጠይቀው መመሪያው ራሱ የፈቀደው እንዲፈጸም ነው። የመመሪያው ማጣጣሚያ ሰነድ አገራት ምልክቶቹን በአካባቢ ቃላት እንዲያጠኑ ይመክራል። ለአገር የተጠና አንድ አማርኛ ግን ለጭልጋ፣ ለደምቢያና ለጃናሞራ እኩል አይሠራም።

ስለሆነም በመጀመሪያ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ እናቶች ለአራቱ ምልክቶችና ለአተነፋፈስ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት በአንድ ገጽ መዝግቦ ከቻርቱ ጎን ቢለጥፍ ወጪው አንድ ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ «ወዲያውኑ ተመለሺ» ከማለታችን በፊት «ቤትሽ የስንት ሰዓት መንገድ ነው?» ብለን ጠይቀን፣ መነሻ ሰዓቱን በዚያው ልክ እናስቀድም። ሦስተኛ፣ አያቶች፣ አባቶች፣ የእድር መሪዎችና የንስሐ አባቶች በትምህርቱ ይግቡ፤ ቃሬዛውም ገንዘቡም ፈቃዱም በእነሱ እጅ ነውና። አራተኛ፣ በየተቋሙ ጠዋት አንድ ባለሙያ ከካርድ በፊት ሰልፉን ተዘዋውሮ፣ ጋቢውን አስገልጦ እያንዳንዱን ሕፃን ይይ። የኦክሲጅን መለኪያ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለም ዓይን አለ።

ሕፃን ሕመሙን አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው አለው። ያ ሰው የሚናገርበትን ቋንቋ ባለማወቃችን የምናጣው ልጅ በየትኛውም መዝገብ በዚህ ምክንያት ሞተ ተብሎ አይጻፍም። ቻርቱን በቃል የማወቁን ያህል የእናቲቱን ቃል ማወቅም የሙያው ግዴታ ነው።